ሰላማዊ ሰው ከሽምቅ ተዋጊ ምን ይማራል? የጁባ ተሞክሮ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ጁባ ጸጥ ብላ ዋለች።

ዕለቱ ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር የሆነችበት አምስተኛ ዓመት ነበር። ከአንድ ቀን በፊት፣ ዓርብ ማምሻውን፣ ፕሬዝዳንት ሳልቫ ኪር እና የያኔው ቀዳማዊ ምክትላቸው ሪክ ማቻር በቤተ መንግሥት ውስጥ ሳሉ ጠባቂዎቻቸው ደጅ ላይ ተታኩሰው በርካታ ወታደሮች ሞተዋል። ቅዳሜ ግን ተኩሱ ቆመ። እሑድ ጠዋት ውጊያው ታንክና ሄሊኮፕተር ታክሎበት እንደገና ፈነዳ፤ የተኩስ አቁም የታወጀው ሰኞ ምሽት ነው።

ያንን ቅዳሜ ሰዎች በሁለት መንገድ ሊረዱት ይችሉ ነበር። ለብዙ ሰላማዊ ሰው ጸጥታ ማለት ነገሩ አለፈ ማለት ነው። በውጊያ ውስጥ ላለፈ ሰው ግን በሁለት ተኩሶች መካከል የሚገኝ ጸጥታ ሁለቱም ወገኖች ጥይት የሚሞሉበት፣ ቦታ የሚቀይሩበትና ቁስለኛ የሚያነሱበት ጊዜ ነው። ውኃ ለመቅዳት፣ ልጆችን ከመንገድ ዳር ቤት ለማውጣት፣ የስልክ ባትሪ ለመሙላት የቀረው ጊዜም ያው ነበር።

የጸጥታ ባለሙያዎች ለረድኤት ሠራተኞች፣ ለጋዜጠኞችና ለነጋዴዎች የሚያስተምሩት ራስን የመጠበቅ ዘዴ በአብዛኛው መነሻው ይህ ዓይነቱ የወታደር ዕይታ ነው። የትምህርቱ ዓላማ መተኮስን ማስተማር አይደለም። አጥቂው እንዴት እንደሚያስብ ተረድቶ ከመንገዱ መራቅ ነው።

የሽምቅ ተዋጊዎች ከተማ

ይህንን ለማየት ከጁባ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። አገሪቱን የሚመሩት ሰዎች ዕድሜያቸውን በጫካ ያሳለፉ ናቸው። ሳልቫ ኪር በወጣትነታቸው እስከ 1964 ዓ.ም. በዘለቀው የመጀመሪያው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት የአኒያኒያ ተዋጊ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ሠራዊትን ከጆን ጋራንግ ጋር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። የዚህ ሠራዊት የመጀመሪያ ዋና ሰፈር የነበረው በኢትዮጵያ፣ በጋምቤላ ነው።

ጁባ በዚያ ጦርነት ጊዜ በካርቱም መንግሥት ወታደሮች እጅ የነበረች፣ ዙሪያዋን በተዋጊዎች የተከበበች የጦር ሰፈር ከተማ ነበረች። በሰኔ 1984 ዓ.ም. አማጽያኑ ሊይዟት ሞክረው አልተሳካላቸውም። ከ1997ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ግን ጫካውን ትተው ወደ ከተማዋ ገቡ። ከነጻነት በኋላም ከተማዋ በታኅሣሥ 2006 እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ የጦር ሜዳ ሆናለች።

በዚህች ከተማ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱ፣ የዓባይን ውኃ በቦቴ እያመላለሱ ቧንቧ ለሌላቸው ሰፈሮች የሚያከፋፍሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጥቂት አይደሉም። በመሆኑም የጁባ ትምህርት ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ደፈጣ የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች

የሽምቅ ውጊያ የደካማው ወገን ስልት ነው። ቁጥሩና መሣሪያው ያነሰ ተዋጊ ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ጊዜና ቦታ መርጦ ይጠብቃል። ደፈጣው እንዲሳካለት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ዒላማው መቼ እንደሚያልፍ ማወቅ፣ በየት እንደሚያልፍ ማወቅ፣ እንዲሁም ዒላማው ለመቀዝቀዝ ወይም ለመቆም የሚገደድበት ቦታ። ድልድይ፣ የተቆረጠ አስፋልት፣ ዳገት፣ ጠባብ መታጠፊያና የግቢ በር ለዚህ ይመረጣሉ።

በከተማ ውስጥ የሚዘርፍ ሰውም ከዚህ የተለየ አይፈልግም። ጁባ ንግዷ በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ የሚካሄድባት ከተማ ናት። በኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሚነግድ ሰው የቀኑን ገቢ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድና በአንድ ሞተር ሳይክል የሚወስድ ከሆነ፣ ደፈጣው ከሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱን በነጻ ሰጥቷል። ሦስተኛው በራሱ በር ላይ ይገኛል፤ መኪናውን አቁሞ በሩ እስኪከፈት የሚጠብቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ልማድን መስበር ነው። የመውጫና የመግቢያ ሰዓትን ማለዋወጥ፣ ገንዘብን ከፋፍሎ ማንቀሳቀስ፣ ከመድረስ በፊት ደውሎ በሩን ማስከፈት፣ ግቢው አጠገብ የማይታወቅ መኪና ወይም ሰው ቆሞ ከታየ ሳይቆሙ ማለፍ ቀላል ግን ውጤታማ ተደርገው የሚወሰዱ እርምጃዎች ናቸው።

ሁለተኛው ምክር መረጃን መቆጠብ ነው። የሽምቅ ተዋጊ ያለ ነጋሪ አይንቀሳቀስም። ኢትዮጵያውያን ይህንን ከራሳቸው ታሪክ ያውቁታል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዘመን በከተማ ተቀምጠው ለአርበኞች መረጃ፣ መድኃኒትና ጥይት ያቀብሉ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ለጠላት ዓይን ተራ ነዋሪዎች ነበሩ። ገንዘብ መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚያውቁ ሰዎች በበዙ ቁጥር መረጃው ወደማይፈለግ ጆሮ የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። ሠራተኛን መጠርጠር አያስፈልግም፤ የማያስፈልግ ዝርዝርን አለመናገር ይበቃል።

ከከተማ ውጭ ግን ልማድን የመስበር ምክር ከሌላ አደጋ ጋር ይጋጫል። በጦርነቱ ዘመን በጁባ ዙሪያና ወደ ከተማዋ በሚያስገቡ መንገዶች ላይ ፈንጂ ተቀብሯል፤ ብዙው ቢመክንም ስጋቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የፈንጂ ትምህርት የሚሰጡ ተቋማት ከተረገጠ መንገድ አትውጡ ይላሉ። በመሆኑም ከከተማ ውጭ መለወጥ ያለበት የጉዞው ሰዓትና ቀን እንጂ መንገዱ አይደለም። አቋራጭ ፍለጋ ወደ ቁጥቋጦ መግባት፣ ለሽንትም ቢሆን፣ አይመከርም።

ጁባን ከኡጋንዳ ድንበር የሚያገናኘውና 192 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የኒሙሌ መንገድ ለከተማዋ እንደ ደም ሥር ነው። ከሐምሌ 2008ቱ ውጊያ በኋላ በዚህና ወደ ዬይ በሚወስደው መንገድ ላይ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች በተደጋጋሚ የደፈጣ ሰለባ ሆነዋል። አሽከርካሪዎች በአጀብ መጓዝን የመረጡት ለዚህ ነው። አጀብ ግን ሁለት ገጽ አለው። ሽፍታን ያስፈራል፤ የታጠቀ ወታደር ካለበት ደግሞ ወታደሩን ለሚፈልግ አማጺ ዒላማ ይሆናል። ውሳኔው በዚያ ሳምንት በዚያ መንገድ ላይ ጥቃት የሚያደርሰው ማን እንደሆነ በማወቅ ላይ ይመሠረታል።

ከተኩሱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

የሐምሌ 2008ቱ ውጊያ ድንገተኛ ቢመስልም አስቀድሞ ፍንጮች ነበሩት። ውጊያው ከመፈንዳቱ ከቀናት በፊት የማቻር ወገን የሆነ አንድ መኮንን በጁባ ተገደለ። ሐሙስ ሰኔ 30 ቀን ጉዴሌ በተባለው ሰፈር ኬላ ላይ በተነሳ ግጭት አምስት የመንግሥት ወታደሮች ሞቱ። በማግስቱ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ተኩስ ተከፈተ።

ወታደር እንዲህ ያለውን ለውጥ ለማስተዋል ይሠለጥናል። የጁባ ነዋሪም በልምድ የተማራቸው ምልክቶች አሉ፤ ገበያ ያለ ወትሮው ቀድሞ ሲዘጋ፣ የወታደር ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጭነው ሲወጡ፣ በመንገድ ላይ ሕፃናት ሲጠፉ፣ ኬላ በማይታወቅበት ቦታ ሲቆም፣ የዶላር ምንዛሪ በድንገት ሲዘል። አንዱ ብቻውን ብዙ ላይናገር ይችላል። ሦስቱ በአንድ ቀን ከታዩ ግን ጉዞን መሰረዝና ቤተሰብን መሰብሰብ ተገቢ ነው።

በአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን የነበሩት ጄፍ ኩፐር የአእምሮን ዝግጁነት በአራት ቀለሞች ይከፍሉት ነበር። ነጭ ምንም አለማስተዋል ነው። ቢጫ ዘና ብሎ አካባቢን ማስተዋል ነው። ብርቱካናማ አንድ የተለየ አጠራጣሪ ነገር ላይ ማተኮር ነው። ቀይ ደግሞ የወሰኑትን ለማድረግ መዘጋጀት ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ በቀይ መኖር አይችልም፤ ይደክማል፣ ይሳሳታል፣ ጎረቤቱን ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። የሚመከረው የዘወትር ሁኔታ ቢጫው ነው።

ምልክት ማንበብ ወሬን ሁሉ ማመን ማለት አይደለም። “ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት” እንዲሉ፣ የሥለላ ባለሙያ አንድን መረጃ እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ሁለት ምንጮች ካላገኘ እንደ ጥሬ ወሬ ይይዘዋል። በቡድን መልእክት የሚዘዋወር የድምፅ ቅጂ መቶ ጊዜ ቢተላለፍም ምንጩ አንድ ነው።

መነሻው ሩቅ የሆነ አደጋም አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. በሱዳኗ ዋድ መዳኒ ከተማ ደቡብ ሱዳናውያን መገደላቸው ሲሰማ፣ በጁባ በሱዳናውያን ነጋዴዎች ሱቆች ላይ ጥቃትና ዘረፋ ተፈጸመ፤ የሞቱም ነበሩ። መንግሥት ከጥር 9 ጀምሮ ሰዓት እላፊ አወጀ። የተጠቁት ነጋዴዎች በሌላ አገር ከተፈጸመው ግድያ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ዜግነታቸው ብቻ ነበር። በውጭ አገር የሚነግድ ሰው ስለሚኖርበት ከተማ ብቻ ሳይሆን ስለ አገሩ የሚነገረውንም መከታተል እንዳለበት ይህ ያሳያል።

መደበቂያ እና መከለያ

በውትድርና ሥልጠና መጀመሪያ ከሚማሩት ነገሮች አንዱ በመደበቂያና በመከለያ መካከል ያለው ልዩነት ነው። መደበቂያ ከዓይን ይሰውራል። መከለያ ጥይት ያቆማል። የቆርቆሮ አጥር፣ የእንጨት በር፣ ቁጥቋጦና የመኪና በር መደበቂያ እንጂ መከለያ አይደሉም። በክላሽንኮቭ የተተኮሰ ጥይት ሁሉንም ይበሳል። በጁባ ብዙ ሆቴሎችና የድርጅት ማደሪያዎች የተሠሩባቸው ተገጣጣሚ የኮንቴይነር ቤቶችም ግድግዳቸው ጥይት አይመክትም።

በኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከሥልጣን በተነሱት የደኅንነት ኃላፊ አኮል ኩር መኖሪያ አካባቢ ከባድ ተኩስ ሲሰማ፣ የተባበሩት መንግሥታት ለሠራተኞቹ ባሉበት እንዲጠለሉ መልእክት ልኮ ነበር። ባሉበት መጠለል ማለት በተግባር ከመስኮት መራቅ፣ ወለል ላይ መተኛት፣ ከራስና ከውጭው መካከል ቢቻል ሁለት የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ማስቀመጥ፣ መብራት ማጥፋት፣ የስልክ ድምፅ መዝጋት ነው። ምን እንደተፈጠረ ለማየት ወይም ለመቅረጽ ወደ በረንዳ መውጣት ተባራሪ ጥይት ሰውን ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ካሜራ በሌላም ምክንያት አደገኛ ነው። ድልድይን፣ አውሮፕላን ማረፊያን ወይም የጦር ሰፈርን ፎቶ የሚያነሳ ሰው በወታደር ዓይን ቃኚ ነው። በጁባ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ለእስር ሊዳርግ ይችላል። ወታደራዊ ልብስ መልበስም እንዲሁ ሰላማዊውን ሰው ከተዋጊ ያደባልቃል።

በኬላ ላይ ደግሞ የወታደሩን ፍርሃት መረዳት ያስፈልጋል። በጨለማ የሚመጣ መኪና ለእርሱ የሚያሰጋ ነገር ነው። ከሩቅ ፍጥነት መቀነስ፣ የፊት መብራትን ዝቅ አድርጎ የውስጡን ማብራት፣ እጅን መሪው ላይ ማሳየት፣ ሰነድ ለማውጣት ከመንቀሳቀስ በፊት መናገር ፍርሃቱን ይቀንሳል። ሰላምታው በጁባ ዓረቢኛ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ያለዝባል።

ደራሽ የማይደርስበት ሰዓት

ሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ከ80 እስከ 100 የሚሆኑ የመንግሥት ወታደሮች የውጭ አገር የረድኤት ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረውን ቴሬይን የተባለ ግቢ ሰብረው ገቡ። አንድ ደቡብ ሱዳናዊ ጋዜጠኛ ገደሉ፤ ሴቶችን ደፈሩ፤ ደበደቡ፤ ዘረፉ። ነዋሪዎቹ በብረት በር በተጠናከረ ክፍል ተሸሽገው በስልክ እርዳታ ይጠይቁ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ከዚያ የሚርቀው አንድ ኪሎ ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው። ማንም አልደረሰም። በጡረታ ላይ ያሉት ሆላንዳዊ ሜጀር ጄኔራል ፓትሪክ ካመርት የመሩት ልዩ ምርመራ፣ የሰላም አስከባሪው ምላሽ የተዘበራረቀና አመራር የጎደለው እንደነበር፣ በሰፈሩ የነበሩት የቻይና፣ የኢትዮጵያ፣ የኔፓልና የሕንድ ጦሮች በአንድ ዕዝ ሥር እንዳልሠሩ ደምድሟል። የጦሩ አዛዥም ከኃላፊነት ተነሱ። በዚያ ምሽት አብዛኞቹን ተጠቂዎች ያወጧቸው በስልክ ጥሪዎች ምክንያት የመጡ የደቡብ ሱዳን የደኅንነት ኃይል አባላት ናቸው፤ የቀሩት ሴቶች የወጡት በማግስቱ ነው። በ2010 ዓ.ም. መገባደጃ የጁባ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አሥር ወታደሮችን ጥፋተኛ ብሏል።

ለጥቃቱ ተጠያቂዎቹ አጥቂዎቹ ናቸው፤ በግቢው የነበሩት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም። ከዚያ ወዲህ በጸጥታ ሥልጠናዎች የሚነሳው ጥያቄ ግን “ይደርስልኛል ያልኩት ካልደረሰስ?” የሚል ነው። ወታደሮች ለመገናኛ አራት ደረጃ ያለው ዕቅድ ያወጣሉ፤ ዋናው፣ ተለዋጩ፣ መጠባበቂያውና የመጨረሻው። አንድ ቤተሰብም ተመሳሳይ ማድረግ ይችላል። ዋናው ስልክ ከሆነ፣ ተለዋጩ የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ፣ መጠባበቂያው አስቀድሞ የተስማሙበት የመገናኛ ቦታና ሰዓት፣ የመጨረሻው ደግሞ በሌላ ከተማ ያለ፣ ሁሉም መልእክት የሚተውለት ዘመድ ሊሆን ይችላል።

በጁባ ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ቪቫሴል የተባለው የስልክ ኩባንያ በፈቃድ ክፍያ ውዝግብ ሲዘጋ ደንበኞቹ ያለ መስመር ቀርተዋል። በጥር 2017ቱ ሁከት ጊዜም ፌስቡክና ቲክቶክ ለቀናት እንዲዘጉ ታዝዞ ነበር። መልእክቱን ሁሉ በአንድ መተግበሪያ የሚያደርግ ቤተሰብ በዚያ ሳምንት ይቸገራል።

ደምን ማቆም

የኢራቅና የአፍጋኒስታን ጦርነቶች ለሲቪል ሕክምና ካወረሱት ዕውቀት አንዱ፣ ከእጅና ከእግር የሚፈስ ደም በጊዜ ከቆመ ብዙ ሰው እንደሚተርፍ ነው። መንገድ ተዘግቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ በማይቻልበት ሰዓት ይህ ዕውቀት ሕይወት ነው። በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን በሙሉ ኃይል መጫንና አለመልቀቅ ይቀድማል። ከእጅ ወይም ከእግር እየፈነጠቀ የሚፈስ ደም በዚህ ካልቆመ፣ ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ማሰሪያ ደሙ እስኪቆም ማጥበቅና የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ ያስፈልጋል። ማሰሪያውን የሚፈታው የሕክምና ባለሙያ ነው።

ዓሣ እና ውኃ

ማኦ ዜዱንግ የሽምቅ ተዋጊንና ሕዝብን በዓሣና በውኃ መስለዋቸዋል። ተዋጊው የሚበላው፣ የሚደበቀውና የሚሰማው በሕዝቡ ውስጥ በመሆኑ ነው። ከሕዝቡ የተነጠለ ተዋጊ ብዙ አይቆይም።

የረድኤት ድርጅቶች ይህንን ለሰላማዊ ሥራ ተርጉመውታል። ራስን ለመጠበቅ ሦስት መንገዶች አሉ ይላሉ። አንዱ ጥበቃ ነው፤ አጥር፣ በርና ጠባቂ። ሁለተኛው ማስፈራት ነው፤ የታጠቀ አጀብ። ሦስተኛው ተቀባይነት ነው፤ አካባቢው የእኛ ሰው ነው እንዲል ማድረግ። አጥር ይሰበራል፣ አጀብ ይበተናል። ተቀባይነት ለመገንባት ጊዜ ይወስዳል፤ በችግር ቀን ግን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ቀድሞ ይደርሳል።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በጁባ ሰዎች በብሔራቸው ተለይተው ሲገደሉ፣ በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩት ወደ ተባበሩት መንግሥታት ግቢዎች ሸሹ። ከሌላ ብሔር የሆኑ ጎረቤቶቻቸው ቤት ውስጥ ተደብቀው የተረፉም ነበሩ። በሐምሌ 2008ቱ ውጊያ ማግስት ደግሞ ከመጠለያ ጣቢያው ምግብ ፍለጋ የወጡ ሴቶች በወታደሮች ተደፍረዋል። ከዚያ በኋላ በደቡብ ሱዳን ሴቶች ለማገዶ ሲወጡ በቡድን መሄድ፣ መንገዱን አስቀድሞ ማስቃኘትና ከጥበቃ ጓዶች ጋር ሰዓት መቀጣጠር እየተለመደ መጣ። ኖንቫዮለንት ፒስፎርስ የተባለው ድርጅትም መሣሪያ የሌላቸው የሴቶች የጥበቃ ቡድኖችን በማደራጀት ይታወቃል። ሥራቸው የጦር ቅኝትን ይመስላል፤ ልዩነቱ ጠመንጃ አለመኖሩ ነው።

ለባዕድ ነጋዴ ተቀባይነት የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። የሰፈሩን አለቃ ማወቅ፣ ቋንቋውን መሞከር፣ ከአካባቢው ወጣቶች መቅጠር፣ በለቅሶ ላይ መገኘት፣ ዱቤን በአግባቡ መያዝ። ሱቁ ሊዘረፍ ሲል ቀድሞ የሚደውለው የትናንት ደንበኛ ነው።

ከጦር ሜዳ የማይወረሰው

ወታደር የሚያደርገው ሁሉ ለሰላማዊ ሰው አይሆንም። ሽጉጥ የያዘ ነጋዴ መሣሪያ ካነገቡ አሥር ሰዎች ፊት ራሱን አያድንም፤ ይልቁንም በጦርነት ሕግ ለሰላማዊ ሰው የተሰጠውን ከለላ አጠራጣሪ ያደርገዋል። ጎረቤትን በቋንቋው ወይም በብሔሩ ጠላት ብሎ መመደብም ከጦርነት የሚወረስ መጥፎ ልማድ ነው፤ አደጋን አያሳይም፣ የሚያስጠጋውን በር ግን ይዘጋል። ወታደር ቦታውን እንዲይዝ ታዞ ይቆያል። ሰላማዊ ሰው ግን የሚጠብቀው ምሽግ ስለሌለው ንብረቱን ትቶ በጊዜ መውጣት ይችላል፤ ከሽምቅ ተዋጊም ሊወርስ የሚገባው ይህንኑ ቀድሞ የማፈግፈግ ችሎታ ነው።

ሐምሌ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ኡጋንዳ ዜጎቿን ለማውጣት የጦር አጀብ በኒሙሌ መንገድ ወደ ጁባ ላከች። ለብዙዎች መውጫ የተገኘው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ግን አራት ቀንና ሌሊት በራስ አቅም ማለፍ ነበረበት። ለእነዚያ ቀናት የሚበቃ ውኃ፣ የማይበስል ምግብ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ የተሞላ ባትሪ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ፓስፖርትና በሁለት ቦታ የተከፈለ ጥሬ ገንዘብ በአንድ የትከሻ ቦርሳና በጥቂት ጀሪካን ይዘጋጃል። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው። እንደዚያ ቅዳሜ ያለ ጸጥታ ሲገኝ ደግሞ ጊዜው ይበቃል።